ከጓሮ ሸንኮራ ሽሮፕ አሠራር፣ ለጅማና ለአካባቢው

ካናዳ ያለችው ታላቅ እህቴ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ የሜፕል ሽሮፕ ይዛልን መጣች። እማዬ ጨጨብሳ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችውና ትንሽ ዝም ብላ "ይሄ እኮ ሸንኮራ አፍልተውት ነው" አለች። አይ እማ የዛፍ ውሃ ነው ብንላትም አልተቀበለችንም። እኔ ግን የሷ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፣ ምክንያቱም እኛ ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ያለችው ትንሿ መሬታችን ላይ ጨፌው ዳር ሸንኮራ አለን፣ ግማሹን ልጆች ይበሉታል ጥቂቱን ሐሙስ ገበያ እናወጣዋለን የቀረው እዛው ቆሞ ይደርቃል። ከዛን ጊዜ ጀምሮ በየበጋው ሽሮፕ አበስላለሁ፣ አበላሽቼም አውቃለሁ አሳክቼም አውቃለሁ፣ ሰው ሁሉ አሠራሩን ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሜፕሉን ነገር እንጨርስ፣ "ዘሩን አስመጥተን እዚ ብንተክለውስ" የሚለኝ ብዙ ነው። ሜፕል ማለት የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ቅጠል ዛፉ ነው፣ አብዛኛው የዓለም ሽሮፕ የሚመጣውም ኩቤክ ከሚባለው የካናዳ ክፍል ነው። እዛ ክረምታቸው ሊወጣ ሲል ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ውሃ ይረጋል፣ ቀን ደግሞ ፀሐይ ወጥቶ ከዜሮ በላይ ይሆናል፣ ይሄ መርጋትና መሟሟቅ ሲፈራረቅ ነው ግንዱ ውስጥ ግፊት ተፈጥሮ ፈሳሹ በተበሳው ቀዳዳ የሚንጠባጠበው። ጅማ ሌሊቱ የፈለገ ቢቀዘቅዝ እንደዛ አይሆንም፣ ስለዚ ዛፉ ቢበቅል እንኳን ፈሳሹን አይሰጥም። ደግሞ ዛፉ ለመበሳት እስኪደርስ 40 ዓመት ገደማ ይፈጃል። የኛን ዛፎች በስተን እንሞክር የሚልም አጋጥሞኛል፣ እባካችሁ እሱን አታድርጉ፣ ቁልቋልን ብቻ ብታስቡ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

እኛን የሚያጽናናን ግን አንድ ነገር አለ። የሜፕል ፈሳሽ ውስጥ ያለው ስኳር 2 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ማፍላት አለባቸው። የሸንኮራ ጭማቂ ግን በደንብ ከደረሰ ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ስኳር አለው፣ ለኛ 1 ሊትር ሽሮፕ ማለት 7 ወይ 8 ሊትር ጭማቂ ነው። እነሱ 5 ሊትር ለመሥራት 200 ሊትር ሲያፈሉ እኛ 40 ሊትር በቂያችን ነው፣ በዚ የእንጨት ዋጋ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። አሠራሩ ግን ያው ነው፣ ጣፋጭ ውሃ ወስደህ ውሃውን በእሳት ታተናለህ፣ ሳይቃጠል ሳይረጋ ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ታቆማለህ። ዋናው ሙያ ያለው ያ ማቆሙ ላይ ነው፣ ወደ መጨረሻ በሰፊው እመለስበታለሁ።

መቼ ይሠራል

ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት። ዝናብ ሲቆም ሸንኮራው ማደጉን ያቆምና ስኳሩን ያጠራቅማል፣ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ እንደገና ለማደግ ስኳሩን መብላት ይጀምራል። ክረምት ላይ ቆርጣችሁ ብትሠሩት ውሃ ውሃ የሚል ጭማቂ ነው የምታገኙት፣ ብዙ እንጨት ፈጅታችሁ ትንሽ ሽሮፕ። በዛ ላይ በበጋ እንጨቱም ደረቅ ነው፣ ውጪ ለመሥራትም ይመቻል።

የደረሰ ሸንኮራ እንዴት ይታወቃል ላላችሁኝ፣ ቢያንስ ዓመት ያለፈው ይሁን፣ ከታች ያሉት ቅጠሎች ደርቀው የረገፉ ወይም ለመርገፍ የደረሱ፣ ከላይ ያሉት አንጓዎች ደግሞ ተጠጋግተው እድገቱ የቆመ። እኔ ከሁሉም የማምነው ምላሴን ነው፣ አንድ አገዳ ቆርጬ ከስሩም ከወገቡም ከጫፉ አካባቢም እቀምሳለሁ፣ ጫፍና ስሩ የጣዕም ልዩነታቸው ሲጠብ ደርሷል ማለት ነው። ስሩ ጣፍጦ ወገቡ አልጫ ከሆነ ሌላ 3 እና 4 ሳምንት ጠብቁት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ድስቱ ላይ አትቆጥቡ። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው የሚፈለገው ምክንያቱም ውሃው የሚተነው በላይኛው ፊት ነው፣ አፉ የሰፋ ድስት ከረጅም ድስት በግማሽ ጊዜ ሊጨርስላችሁ ይችላል። ስቴንለስ ከተገኘ በጣም ጥሩ፣ ካልሆነ ወፍራም የሰርግ ድስት ተዋሱ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ባልዲ ወይም በርሜል ግን በፍጹም አይሁን፣ ጭማቂው ትንሽ አሲድ ስላለው ሲፈላ ዚንኩን ያወጣዋል። ቀለም የነበረበት ወይ ዘይት የነበረበት በርሜልም እንደዛው።

ከድስት ሌላ ገጀራ፣ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋና አረፋ መግፈፊያ ወንፊት፣ ንጹህ ነጭ አቡጀዲ ወይም ሻሽ ድርብ ተደርጎ፣ የምግብ ባልዲዎች፣ የብርጭቆ ጠርሙስ ከነክዳኑ፣ ሚዛን። ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙ፣ የኩሽና ወይም የላብራቶሪ ሆኖ ቢያንስ እስከ 120 ዲግሪ የሚያነብ ይሁን፣ የትኩሳት መለኪያው ለዚ አይሆንም 42 ላይ ያልቃል።

አንድ ነገር አደራ። ጭማቂ ለማጥለልም ሆነ ንብ ለመከላከል የአልጋ አጎበር እንዳትጠቀሙ፣ የሚታደለው አጎበር የነፍሳት መግደያ የተነከረ ነው። ሰው ያለውን ነገር ይጠቀማልና ሲያደርጉት አይቻለሁ፣ መድኃኒቱ ወደምትበሉት ነገር ይገባል።

መቁረጥና ማጽዳት

ቀኑን ከመጀመራችሁ በፊት ስንት እንደምትሠሩ ወስኑ። ለጀማሪ 80 ኪሎ አገዳ በቂ ነው፣ በሮለር ማሽን ከተጨመቀ 40 ሊትር ገደማ ጭማቂ ይወጣዋል፣ ከዛ 5 ሊትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ሽሮፕ ታገኛላችሁ። ከዛ በላይ ከሆነ ቀኑ አይበቃችሁም ሌሊት እሳት ስር ታድራላችሁ።

ስትቆርጡ ከመሬቱ ጋር አስጠግታችሁ ቁረጡ፣ ከሁሉም የሚጣፍጠው ታች ያለው ነው፣ አንድ ስንዝር ትታችሁ ብትቆርጡ ምርጡን ነው የተዋችሁት። ከላይ ደግሞ ለስላሳውን ጫፍ ከ2 እስከ 3 አንጓ ጣሉት ለከብት ይሁን፣ ስኳሩ ትንሽ ነው ሽሮፑንም ጨው ጨው ያሰኘዋል። ትል የበላው፣ የተሰነጠቀ፣ ስትቆርጡት ውስጡ የቀላና የጠላ ሽታ ያለው አገዳ አትቀላቅሉ። አንዱ የኮመጠጠ አገዳ ሙሉውን ድስት ሊያበላሽ ይችላል።

አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ በሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተጨመቀ ስኳሩ እየተበላሸ ይሄዳል፣ ባክቴሪያም ገብቶ ልጋግ የመሰለ ነገር ይሠራበታል። እኔ ከሰዓት በኋላ ቆርጬ ጥላ ስር በቅጠል ሸፍኜ አሳድርና ንጋት 12 ሰዓት ላይ መጭመቅ እጀምራለሁ። ከመጨመቁ በፊት ጭቃውንና አንጓው ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት የመሰለ ሰም በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ በኋላ የሚገፈፈው አረፋ በግማሽ ይቀንስላችኋል።

መጭመቅ

ሮለር ማሽን ያለው ሰው ካለ ተስማሙ። ከተማ ውስጥ የሸንኮራ ጁስ የሚሸጡ ልጆች ማሽናቸው ጠዋት ጠዋት ሥራ ፈት ነው፣ በሰዓት ሒሳብ ብትከፍሏቸው ደስ ይላቸዋል፣ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት እንደዛ ነው የሠራሁት። ማሽን ላይ ልጅ አታቁሙ፣ ነጠላና ሰፊ እጅጌ አውልቁ፣ ሲይዝባችሁ በእጅ አትግፉት በሌላ አገዳ ግፉት፣ ለማጽዳት መጀመሪያ አጥፉት። ጣት የሚበላ ማሽን ነው።

ማሽን ከሌለ ደግሞ በድሮው መንገድ፣ ልጣጩን ልጣችሁ በትንሽ በትንሹ ቆራርጣችሁ በሙቀጫ መውቀጥ ከዛ በአቡጀዲ ጠቅልሎ 2 ሰው ግራና ቀኝ ይዞ መጠምዘዝ። ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው ያሳዩኝ፣ "ሀጂ ይሄ እኮ ግማሹ ገለባው ውስጥ ቀረ" ስላቸው "ልጄ ትንሽ ሙቅ ውሃ ርጭ አድርገህ ድገመው" አሉኝ፣ እውነትም ሁለተኛው ጥምዘዛ ላይ ብዙ ይወጣል። እርግጥ የተረጨው ውሃ መልሶ መትነን አለበት ስለዚ እጃችሁን አታብዙ። በዚ መንገድ 10 እና 15 ኪሎ አገዳ ለአንድ ቤተሰብ ለሙከራ ያህል ጥሩ ነው፣ ከዛ በላይ ክንድ ይጨርሳል።

የወጣውን ጭማቂ በድርብ ጨርቅ አጥልሉና ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፣ አፈርና ስታርች ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ጠራ ያለውን ቀስ ብላችሁ ወደ ድስቱ ገልብጡ አተላውን ተዉት። ከዛ በላይ አታቆዩት፣ ሙቀት ካለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መፍላት ማለቴ እንደ ጠላ መፍላት ይጀምራል። ጠዋት የተጨመቀ ጠዋት እሳት ላይ ይውጣ።

እሳቱና ምድጃው

ውጪ ሥሩ። ቤት ውስጥ 35 ሊትር ውሃ በእንፋሎት ብትለቁ ጣሪያው ያለቅሳል፣ ጥላሸቱም ተጣብቆ አይለቅም። 3 ጉልቻ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል ግን አብዛኛው ሙቀት በጎን ይወጣል፣ እኔ ጉድጓድ ቆፍሬ በጭቃና በድንጋይ ዙሪያውን ዘግቼ ከፊት ማገዶ ማስገቢያ ከኋላ ጭስ መውጫ አደረግኩለት፣ እንጨቱ ከበፊቱ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የድስቱ ጎን ላይ ነበልባል እንዳይወጣ ግን አድርጉ፣ ነበልባሉ ከጭማቂው ከፍታ በላይ ከመታ እዛ የተጣበቀው ያርና ሽሮፑን ያመረዋል።

ማገዶ ደረቅ የባህር ዛፍ ፍልጥ ጥሩ ነው፣ ፍሙም ነበልባሉም አለው። ያለፈው ዓመት የሸንኮራ ገለባ ደርቆ ካለ ለማቀጣጠልና ለጠንካራ ነበልባል አሪፍ ነው ስኳር ፋብሪካዎቹም ቦይለራቸውን የሚያነዱት በሱ ነው። የዘንድሮውን ገለባ ፀሐይ ላይ አስጡትና ለሚመጣው ዓመት አስቀምጡ፣ ወይ ቡና ስር ጣሉት እርጥበት ይይዛል። አገር በቀል ዛፍ ለሽሮፕ ብላችሁ አትቁረጡ፣ የቡናችን ጥላ ነው።

ማፍላት

መጀመሪያ እሳቱ ልከኛ ይሁን። ጭማቂው ሊፈላ ሲቃረብ 80 ዲግሪ ካለፈ በኋላ አረንጓዴ ግራጫ የሆነ ወፍራም አረፋ ላዩ ላይ ይወጣል፣ እሱን ሳይፈላ በፊት ነው መግፈፍ። አንዴ ገንፍሎ ከፈላ ቆሻሻው መልሶ ወደ ውስጥ ይቀላቀልና ሽሮፑ ጥቁርና ሳር ሳር የሚል ይሆናል። እኔ ለዚች ክፍል ብቻ 30 ደቂቃ እሰጣለሁ፣ ወንፊቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ እገፍፋለሁ። ህንዶች ጃገሪ የሚባለውን ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ሲሠሩ የባሚያ ልጋግ ይጨምሩበታል፣ ልጋጉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ባሚያ ያላችሁ ግንዱን ቀጥቅጣችሁ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ሞክሩት። ኖራ የሚጨምሩም አሉ፣ እኔ ለቤት ሽሮፕ አልመክርም፣ ትንሽ ከበዛ ያጠቁረዋል ያመረዋልም።

አረፋው ነጣ ሲል አሁን እሳቱን ልቀቁት። ከዚ በኋላ ለ3 ወይ ለ4 ሰዓት ሥራው ማገዶ መማገድና አረፋ መግፈፍ ብቻ ነው፣ ቁጭ ብሎ ቡና ማፍላት ይቻላል። አረፋው ገንፍሎ ሊወጣ ሲል 2 ጠብታ ዘይት ወይም ጥፍር የምታክል ለጋ ቅቤ ጣል አድርጉ ወዲያው ይወርዳል፣ የሜፕል ሰዎችም ይሄንኑ ነው የሚያደርጉት። የተነጠረ ቅቤ ግን አይሁን፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሽሮፑ ውስጥ ይቀራል። እኔ ደግሞ ግማሽ ላይ ሲደርስ ለ40 ሊትሩ የ2 ሎሚ ጭማቂ እጨምራለሁ፣ አሲዱ ከስኳሩ የተወሰነውን ስለሚሰብረው በኋላ ጠርሙስ ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል።

ንቦቹ በዚ ሰዓት ይመጣሉ። በየጓሮው ቀፎ ያለበት አገር ስለሆነ ሽታውን ተከትለው በመቶ ይመጣሉ፣ ባልዲዎቹን ሁሉ ክደኑ፣ የተገፈፈውን አረፋ ራቅ አድርጋችሁ አፈር ውስጥ ቅበሩት ወይም ለከብት ስጡት። ክፍት ከተተወ ንቡ ገብቶ ያልቃል፣ ለጎረቤት ቀፎ ጉዳት ነው።

መጨረሻው፣ ልብ የሚፈልገው ቦታ

ድስቱ ውስጥ ያለው ከመጀመሪያው ሩብ በታች ሲሆን ቀለሙ ከቢጫ ወደ ወርቃማ ከዛ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ አረፋውም ይለወጣል፣ ትንንሽና ፈጣን የነበረው ትልልቅ ዝግ ያለ ወፍራም ዓይን ያለው ይሆናል፣ ድምፁም ገንፎ እንደሚንተከተከው ይሆናል። እዚ ላይ ፍልጡን አውጡና በፍም ብቻ ቀጥሉ፣ ወደ ትንሽ ድስት መገልበጥ ከቻላችሁም የተሻለ ነው። ከዚ በኋላ ከድስቱ አትራቁ። ስልክ ቢጠራ አታንሱ፣ እንግዳ ቢመጣ ሌላ ሰው ይቀበል። 5 ሰዓት የተደከመበት ነገር በ3 ደቂቃ ያርራል።

አሁን ስለ ዲግሪው። የመጀመሪያ ዓመት ከውጭ ያገኘሁትን መመሪያ ይዤ ነበር የሠራሁት፣ የሸንኮራ ሽሮፕ 108 ዲግሪ ላይ ይወጣል ይላል። እኔም ቴርሞሜትሩን ተክዬ 108 እስኪል ጠበቅኩ፣ ብዙ ቆየ፣ በመጨረሻ ሲደርስ አውጥቼ ጠርሙስ ውስጥ ሞላሁት፣ በማግስቱ ጠርሙሱን ገልብጬ ብጠብቅ ጠብ የሚል ነገር የለም። ከረሜላ ሆኖ ነበር። 7 ጠርሙስ ሙሉ ሰብረን ለልጆች አደልናቸው ማለት እፈልግ ነበር ግን ብርጭቆ የነካው ስለሆነ ሁሉንም ጣልነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። 108 የሚሠራው ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 በሚፈላበት አገር ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ጅማ ከተማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚ እዛ 108 ማለት ከውሃው 8 ዲግሪ በላይ ነው፣ ለኛ ግን 14 ዲግሪ በላይ ሆነ፣ ያ ደግሞ የከረሜላ ቦታ ነው። የሜፕሉም 104 ይላል፣ ከውሃው 4 ዲግሪ በላይ ማለት ነው፣ ሜፕል ቀጠን ያለ ነውና። ሸንኮራ ወፈር ብሎ ነው የሚወጣው።

ስለዚ የሰው ቁጥር አትዋሱ፣ የራሳችሁን ውሃ ለኩ። በዛው ቀን በዛው ቴርሞሜትር ንጹህ ውሃ አፍሉና ስንት ላይ እንደሚፈላ ጻፉ፣ እሱ ላይ 7 እስከ 8 ጨምሩ፣ ያ ነው ማቆሚያችሁ። ጅማ ከተማ አካባቢ 101 ወይም 102 ይመጣል፣ ከፍ ያለ ቦታ 2,000 ሜትር ላይ ያላችሁ ከዛ 1 ዲግሪ ትቀንሳላችሁ። የቴርሞሜትሩ ስህተትም በዚሁ ይስተካከላል፣ በሁለቱም ልኬት ላይ እኩል ስለሚሳሳት። ስትለኩ ጫፉ የድስቱን ታች አይንካ።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አይዘን። ጭልፋውን ነክራችሁ ከፍ አድርጋችሁ አዘንብሉት፣ ገና ከሆነ እንደ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሲደርስ ሁለት ጠብታ ጠርዙ ላይ ተገናኝተው አንድ ላይ እንደ መጋረጃ ወርደው ይቆረጣሉ። ሌላው የቀዘቀዘ ሸክላ ሰሃን ላይ ጠብታ አድርጎ በጣት መሃሉን መክፈል ነው፣ መንገዱ ቶሎ ካልተዘጋ ደርሷል። ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትጥሉት በጣት የሚሰበሰብ ድቡልቡል ከሆነ ግን አልፏል፣ ወዲያው ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምሩና አማስሉት ይመለሳል። እኔ በዛ ቀን ይሄን ባውቅ 7 ጠርሙስ አልጥልም ነበር።

እጅ ላይ ከፈሰሰ ከፈላ ውሃ ይብሳል ምክንያቱም ይጣበቃል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ስር 20 ደቂቃ ያዙት፣ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ። ልጆች በዚ ሰዓት ከምድጃው ይራቁ።

ጠርሙስ ውስጥ መጨመር

ጠርሙሶቹን አስቀድማችሁ ውሃ ውስጥ ቀቅሉ፣ ውሃችን ከ100 በታች ስለሚፈላ 10 ደቂቃ የሚለውን እኔ 20 አደርገዋለሁ። ሽሮፑን በደንብ በታጠበ ደረቅ ወፍራም ጨርቅ እንደገና አጥልሉና ከ85 ዲግሪ ሳይወርድ በትኩሱ ሙሉ፣ ጠርሙሱም ትኩስ ይሁን አለዚያ ይሰነጠቃል። ከድናችሁ 2 ደቂቃ በጎኑ አስተኙት ትኩሱ ሽሮፕ ክዳኑንም ያጸዳዋል። ሃይላንድ ውስጥ በትኩሱ አትጨምሩ፣ ተጨማዶ ይቀልጣል።

በማግስቱ ሲቀዘቅዝ አንድ ፈተና አለች እኔ በጣም የምወዳት፣ ሚዛን ብቻ ነው የምትፈልገው። አንድ ባዶ ጠርሙስ መዝኑ፣ ውሃ እስከ አንድ ምልክት ሞልታችሁ መዝኑ፣ ከዛ ውሃውን ደፍታችሁ ሽሮፑን እስከዛው ምልክት ሞልታችሁ መዝኑ። የጠርሙሱን ክብደት ቀንሱና የሽሮፑን ለውሃው አካፍሉት። ከ1.35 እስከ 1.38 ከመጣ ጥሩ ነው፣ ውሃው 1 ኪሎ ከሆነ ሽሮፑ 1 ኪሎ ከ350 ግራም በላይ ይመዝናል ማለት ነው። ከ1.33 በታች ከሆነ ቀጥኗል፣ ሰንብቶ ይፈላል ወይም ይሻግታል፣ መልሳችሁ እሳት ላይ አድርጉት ወይ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣችሁ ቶሎ ጨርሱት። ከ1.39 በላይ ከሆነ ሊረጋ ስለሚችል በትንሽ ውሃ አቅጥኑት።

ይሄ ነገር ሞላሰስ ነው ወይ የሚሉኝ አሉ፣ አይደለም። ወንጂ ከ1946 ዓ.ም ጀምሮ ስኳር ሲመረት ጭማቂው ከኛ ሽሮፕ ደረጃ አልፎ እስኪረጋ ይበስላል፣ ስኳሩ ተለይቶ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁሩ ነው ሞላሰስ። የኛው ውስጥ ግን ስኳሩም ጣዕሙም ሁሉም አለ። ስለዚ ስኳር ነው፣ ስኳር በሽታ ላለበት ሰው "የተፈጥሮ ነው አይጎዳህም" ብላችሁ አትስጡ።

ለመሸጥ ካሰባችሁ ጠርሙሱ ላይ "የሸንኮራ ሽሮፕ" ብላችሁ ቀኑንም ጻፉበት። አንድ ነጋዴ እኔ ጋ መጥቶ በበርሜል ሥራልኝ ማር ላይ እቀላቅለዋለሁ ብሎኝ ያውቃል፣ ከቤት አስወጣሁት። የጅማ ማር የስንት ገበሬ እንጀራ ነው፣ በኛ እጅ አይበላሽ። ሽሮፑ በራሱ ስም ይሸጣል፣ ጨጨብሳ ላይ፣ ፈጢራ ላይ፣ በረመዳን ለማፍጠሪያ ሎሚና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ ለጎረቤት አቅምሱ ከዛ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

ያልተከፈተ ጠርሙስ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ዓመት ይቆይልኛል። ታች ላይ ስኳር ከረጋ አልተበላሸም፣ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት ይሟሟል። አረፋ ካወጣ፣ ክዳኑ ሲከፈት "ጢስ" የሚል ድምፅ ካሰማ ወይ ሻጋታ ካያችሁ ግን ድፉት። የተከፈተው ፍሪጅ ይግባ፣ ማንኪያውም ደረቅ ይሁን።

የተቆረጠውን ጉቶ ደግሞ እንዳትነቅሉት። የገፈፋችሁትን ደረቅ ቅጠል እላዩ ላይ አልብሱት፣ አታቃጥሉት፣ መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ከስሩ ያቆጠቁጣል፣ ያኔ አንድ አካፋ ፍግ ጨምሩለትና ደካማውን ቡቃያ አሳሱት። ከዛው ጉቶ እኔ 3 ጊዜ ቆርጫለሁ፣ ዘንድሮ ምርቱ ስለቀነሰ ግማሹን ነቅዬ አዲስ ተክያለሁ።